ደጃፍ የሌለው ካርታ

ለ፦ አዲስ አበባ ከተማ ፕላንና ልማት ቢሮ፣ በየክፍለ ከተማው ለሚሠሩ የመልሶ ማልማት ባለሙያዎች፣ ለቤቶች ዲዛይን ቡድኖች

ጉዳዩ፦ የነዋሪውን ስሜትና የዕለት ኑሮ ከንድፍ በፊት ስለ መለካት

ክቡራን፣

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከቦታው ለሚነሣ ሰው ከሚከፈሉት ካሳዎች አንዱ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚሰጥ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ በዚህ ትልቅ ነገር አምኗል፤ ጎረቤት ማጣት ጉዳት ነው፣ ጉዳቱም በብር ይተመናል። የሚያሳዝነው ይህ ጉዳት በመንግሥት ወረቀት ላይ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ካሳ ሲሰላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወረቀቶች፣ በነዋሪ ቆጠራው ቅጽ፣ በአካባቢ ልማት ፕላኑ፣ በቤቱ ንድፍ ላይ ቦታ የለውም። ቅጹ የቤተሰቡን ብዛት፣ ገቢውን፣ የይዞታውን ዓይነት፣ ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ይጠይቃል። ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው እናቱ የማንን በር እንደምታንኳኳ አይጠይቅም። ይህን የምንጽፈው ካሳ ከሚከፈልበት ጉዳት ብዙው ገና በንድፍ ጊዜ፣ በእርሳስ ሊቀር የሚችል ስለሆነ ነው።

የምንናገረው ስለ ሁለት ዓይነት ሰፈር ነው። አንደኛው መሃል ከተማ ያለው የቀበሌ ቤት ሰፈር ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እጅ ሆኑ። ኪራዩ ባለበት ቆመ፤ በዚያ ኪራይ ደግሞ ቤት አይጠገንም። ነዋሪው በራሱ ገንዘብ ለማደስም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቋሚው እግር በሰበሰ፣ ምርጊቱ ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ሁለተኛው በከተማው ዳር የበቀለው የጨረቃ ቤት ነው። ይዞታውን ሕጋዊ ለማድረግ በማስረጃነት ሲያገለግል የኖረው የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ቆርቆሮ ያሳያል፤ ከቆርቆሮው ሥር ስንት በር እንዳለ አያሳይም። ለዚህ ነው የደብዳቤያችን የመጀመሪያ ጥያቄ እጅግ ትንሽ የሆነው፤ ካርታው ላይ በር ይሣል።

ስሜት ሲባል የማይጨበጥ ነገር የሚመስለው ባለሙያ አለ። ሜትርና ሰዓት ይዞ ለወጣ ሰው ግን ይጨበጣል። ፍርሃት ማለት ከመኝታ ቤት እስከ ጋራ ሽንት ቤት ያለው መብራት የሌለው ሠላሳ አርባ እርምጃ ነው፤ ሴቶች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ፖፖ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። እፎይታ ማለት እናት ምጣዷ ላይ ተቀምጣ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ስድስት ሜትር ርቆ የሚጫወት ልጇን ማየቷ ነው። ኀፍረት ማለት በስስ ግድግዳ አልፎ ለጎረቤት የሚሰማ የባልና ሚስት ጠብ ነው። እምነት ማለት ዕቁቡ የሚጣልበት ቤት ነው። እያንዳንዳቸው ርቀት፣ ሰዓት፣ የድምፅ መጠን፣ የበር ቁጥር አላቸው፤ ስለዚህ ሊነደፉ ይችላሉ።

አሠራሩ ከቆጠራው ጋር አብሮ ይሄዳል። 300 ቤተሰብ ላለው ሰፈር አራት ጠያቂዎች፣ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ በቀን ስድስት ስድስት ቤት ቢያነጋግሩ በ13 የሥራ ቀን ያዳርሱታል። ለአንድ ቤት 45 ደቂቃ ይበቃል። መነሻ ካርታው በ1፡200 ይታተም፤ በዚህ ልኬት አንዲት በር በጣት ጫፍ ልትነካ ትችላለች። ጥያቄው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰው ሰፈሩን ዞሮ እያንዳንዱን በር ምልክት ያድርግ፣ ቁጥር ይስጥ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት በር መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ከአንዱ በር ጀርባ ደግሞ ደባል ይኖራል። ጣሪያ ብቻ የቆጠረ ካርታ ደባልን ከመጀመሪያው ሰርዞታል፤ በኋላም ምትክ ቤት ሲታደል ስሙ አይገኝም።

የሚጠየቀው ትናንት የሆነው ነው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ጥቅም የለውም፤ ሰው የሚመልሰው ጠያቂው ሊሰጠው ይችላል ብሎ የገመተውን ነው፣ መልሱም «መንገድ»፣ «ኮንዶሚኒየም» ብቻ ይሆናል። ይልቅስ ትናንት ቡና ማን ቤት ተፈላ? እሳት፣ ጨው ወይም ምጣድ ስታጡ ወደ ማን ትሄዳላችሁ? ገበያ ስትወጡ ልጁን ለማን ትተዋላችሁ? በምሽት ብቻችሁን የማታልፉት መንገድ የቱ ነው? ገቢ የሚገባው በየትኛው በር ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ያልለመደው ሰው ግር ይለው ይሆናል፤ ግን ጉሊት፣ እንጀራ ሽያጭ፣ ጠላ፣ ልብስ ስፌት፣ ጫማ ጥገና፣ ሁሉም ከመንገድ ጋር በተያያዘ በር ላይ የቆሙ ሥራዎች ናቸው። መልሶቹ ከበር ወደ በር በመስመር ይሣሉ፤ ቡናው በአንድ ቀለም፣ ልጅ ጥበቃው በሌላ፣ ፍርሃቱ በቀይ። መቶ ቤት ያህል ሲሞላ መስመሮቹ የሚወፍሩባቸው ስብስቦች ይታያሉ። በአብዛኛው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት በር ይሆናሉ፤ ከግቢው አጥር ጋር የሚገጥሙበት ጊዜ አለ፣ አጥር ተሻግረው ቦኖውን ወይም አንዲት ጥላ ያላትን ዛፍ የሚከቡበት ጊዜም አለ። ንድፉ የሚነሣው ከእነዚህ ስብስቦች ነው።

መጠይቅ ብቻውን ይዋሻል። ስለዚህ ያው ሰፈር በአራት የተለያዩ ሰዓቶች ይታይ፦ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውኃ ሲቀዳ፣ ቀትር ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ። አንድ ቀን የበዓል ዋዜማ ይሁን፤ በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የሚታየው ያኔ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ዝናብ የጣለበት ይሁን። በጥር የተጠና ሰፈር በሐምሌ ሌላ ነው፤ ጎርፉ በየትኛው ደጅ እንደሚገባ በበጋ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፣ ሴቶቹ አፈር ሞልተው የደረደሩትን ማዳበሪያ ከረጢት ማየት ግን የተለየ ነው።

ስብሰባው ላይ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሹም በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩት ተናጋሪዎች ናቸው። ሴቶች ለብቻቸው፣ አረጋውያን ለብቻቸው፣ ወጣቶች ለብቻቸው፣ ደባሎች ደግሞ በፍጹም ለብቻቸው ይነጋገሩ፤ ደባል ቤት ያከራየው ሰው ፊት ደባል መሆኑን አይናገርም። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ማን ለማን ብር እንደሚያበድር፣ ማን ያለ ፈቃድ ጠላ እንደሚሸጥ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ የሚያሳይ ካርታ በሌላ እጅ ከገባ የጉዳት መሣሪያ ይሆናል። ስም አይጻፍበት፤ የበር ቁጥሩ በኮድ ይተካ፤ የኮዱ ዝርዝር ከካርታው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቤቱ ታድሎ የክትትሉ ጥያቄ ሲያልቅ ይወገድ። ይህ ካልተጠበቀ ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ነገር ይመጣል። ሰው ፕላን ማንበብ አይችልም ይባላል። ማንበብ ባይችልም በላዩ መራመድ ይችላል። የታሰበው ባለ 30 ካሬ ሜትር ቤት በሜዳ ላይ በኖራ በትክክለኛ ልኩ ይሰመር፤ ቤተሰቡ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ቡሃቃውን፣ ምጣዱን ይዞ ይምጣና ያስቀምጥ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሰማይ ሥር በኖራ የተሰመረ ክፍል ከእውነቱ አንሶ ይታያል፣ ሰውም ይደነግጣል። ስለዚህ በማዕዘኖቹ እንጨት ተክሎ በ2.40 ሜትር ከፍታ ገመድ ማሰርና ሸራ ወይም አንሶላ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በግማሽ ቀን ውስጥ ምጣዱ በር እንደሚዘጋ፣ የምግብ ማብሰያው መስኮት ወደ ግቢ ሳይሆን ወደ ግድግዳ እንደሚያይ፣ ለእንግዳ ፍራሽ የሚዘረጋበት እንደሌለ ይታወቃል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ይህንኑ ለማወቅ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ጡብ ተሸክሞ የሚወጣና የሚወርደው ደግሞ ነዋሪው ነው።

ነዋሪው ሳይጠየቅ በግምት የተነደፈ «ባህል» ምን እንደሚሆን የኮንዶሚኒየም የጋራ ሕንፃዎች አስተምረውናል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ሳይቶች ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆኑ የጋራ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ሐሳቡ ቅን ነበር። በብዙ ቦታ ግን ተዘግተዋል ወይም ለሌላ ጥቅም ውለዋል። ምክንያቱን ለማግኘት የአንዲትን ሴት ጋገራ መከተል በቂ ነው። በድሮው ግቢ ማድ ቤቱ ከመኖሪያው አምስት እርምጃ ነው፤ አንዱ እንጀራ እስኪበስል ወጥ ታማስላለች፣ ልጅ ታያለች፣ ሰው ታስተናግዳለች። የጋራ ሕንፃው ግን ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድን፣ ሁለት ሰዓት ቤትን ዘግቶ መዋልን፣ ሰፌድ ሙሉ እንጀራ ይዞ መውጣትን ይጠይቃል። በዚያ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ አራቱ አንድ ላይ ሲሰኩ መስመሩ ይወድቃል፣ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነም ሒሳቡ ጠብ ያመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየፎቁ፣ ለአራት ቤት፣ ጭስ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ትንሽ ማድ ቤት፤ ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ ብሬከር፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ካርድ ቆጣሪ።

ቡናም እንዲሁ ነው። ኮሪደሩ 1.20 ሜትር ሲሆን ረከቦት የዘረጋች ሴት መንገድ ዘጋች ትባላለች። ረከቦቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከጀርባው የተቀመጠ ሰው 70፣ ለአላፊ 90፤ ድምሩ 2.10 ይሆናል። ኮሪደሩን ሁሉ ማስፋት ውድ ነው። ነገር ግን ከደረጃው አጠገብ 3 ሜትር ርዝመት ያህል ብቻ ወደ 2.10 ቢሰፋ ጭማሪው 2.7 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአራት ቤት ሲካፈል ለአንዱ 0.7 ካሬ እንኳ አይደርስም። ከሰል ስለሚነድ ያ ቦታ በውጭ በኩል ክፍት ይሁን፤ ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነውና ቀዝቃዛ ነፋስ በማይመታው፣ የጠዋት ፀሐይ በሚደርስበት ጎን ቢሆን ደግሞ ሰው ይቀመጥበታል።

ስለ ሞት መጻፍ ደስ አይልም፤ ደረጃ የሚነድፍ ሰው ግን ሊያስበው ግድ ነው። በጠባብ ደረጃ ላይ ሬሳ ሣጥን ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየ ቤተሰብ ያንን ደረጃ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ፈተናው ርካሽ ነው፦ 2 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ሠርቶ፣ በኖራ በተሰመረ ወይም በጣውላ በተሠራ የደረጃ ልክ ላይ በአራት ሰው ተሸክሞ ማዞር። ሳይዘነብል ካልዞረ የመዞሪያው ሜዳ ይስፋ። ይኸው ደረጃ ለታመመ ሰው ቃሬዛና ለቁም ሣጥንም ያገለግላል። ለዕድር ድንኳን ደግሞ በየብሎኩ መካከል ቢያንስ 8 በ12 ሜትር የሆነ፣ ዛፍም የመብራት ምሰሶም መሃሉ ላይ ያልተተከለበት፣ ውኃ የሚፈስበት ትንሽ ተዳፋት ያለው ቦታ ይጠበቅ፤ አጠገቡ ወንበርና ድስት የሚቀመጥበት ክፍል ይኑር። በብዙ ሳይት ይህ ቦታ መኪና ማቆሚያ ነው። ሐዘን ሲመጣ መኪና ለማስነሣት ይለመናል።

አሁን ምትክ ቤት ወደሚታደልበት ዕጣ እንምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። ዕጣ አድልዎን ይከላከላል፣ ይህን አንቃወምም። ነገር ግን ለአንድ ሰው አንድ ዕጣ ሲወጣ ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በተለያየ ብሎክና ፎቅ ይበተናሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የምንለው ሰዎች የቅርቡን ጎረቤት በአንድ ከሰዓት ውስጥ የሩቅ ዘመድ እናደርገዋለን። ዕጣውን ለስብስቡ ማድረግ ይቻላል። ከካርታው የተገኙት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቤተሰቦች ተስማምተው በአንድነት ይመዝገቡ፤ አንድ ዕጣ ይውጣላቸው፣ ዕጣው የብሎኩን መግቢያ ይወስን። ከመግቢያው ውስጥ ማን የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚሆን እነሱ ይነጋገሩ፤ መራመድ የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ታች እንዲሆኑ ግን ግዴታ ይሁን። ከጎረቤቱ መለየት የሚፈልግ ሰው ለብቻው እንዲመዘገብ መብት ይኑረው። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ አለ፣ ምክንያቱንም ሊጠየቅ አይገባም።

ታችኛው ፎቅ ግን ብዙ ጊዜ ለንግድ ቤትነት በጨረታ ይሸጣል። ጨረታ ጉሊት ቸርቻሪዋን አያውቃትም። ሊፍት በሌለው ጂ+4 ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ የደረሰች እንጀራ ጋጋሪ ደንበኛዋ አይከተላትም፤ ውኃ ሲጠፋ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን፣ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ ትሸከማለች። ከምድር ቤቱ የተወሰነው ክፍል፣ 4 እና 6 ካሬ ሜትር ሆኖ ተከፋፍሎ፣ ከመነሣታቸው በፊት በበራቸው ላይ ገቢ ለነበራቸው ሰዎች በኪራይ ይመደብ። ማን እንደሆኑ ካርታው ይነግራል።

ስሜትን መከተል ድህነትን ማስዋብ አይደለም። ለብዙ ቤተሰቦች አንድ ሽንት ቤት ፍቅርን አይጨምርም። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና በአንድ ሜትር ተኩል መንገድ አይገባም፣ ቱቦውም አይደርስም። እሳት ቢነሣ እንደዚያው። መንገድ መሰፋት አለበት፤ አንዳንድ ቤት መፍረስ አለበት። ነገር ግን የትኛው ቤት ይፍረስ ሲባል በካርታው ላይ ስድስት መስመር የሚገናኝበትን በር አፍርሶ ባዶ መጋዘን ማትረፍ የምህንድስና ስሕተት ነው። ሁሉም ቤት መሸሽም አያስፈልገውም፤ ከዋናው መንገድ አንድ ሰፊ መግቢያ መንገድ አስገብቶ ቱቦና መኪና የሚደርስበትን ርቀት ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ይህን ሁሉ የምንለው በሌላ ዓለም ስለ ተሠራ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በ1980ዎቹ የመሩት ሥራ ቤትን፣ ማድ ቤትን፣ ሽንት ቤትንና የእግረኛ መንገድን ነዋሪው በቦታው እንዳለ፣ ከነዋሪው ጋር አሻሽሏል። ከውጭም ሁለት ብቻ እንጥቀስ። በካራቺ ኦራንጊ በ1980 እ.ኤ.አ. አክታር ሐሚድ ካን ያስጀመሩት የፍሳሽ መስመር ሥራ መነሻው አንድ ጠባብ መንገድ ነበር፤ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ቤቶች በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት መስመሩን ዘረጉ። ሰዎች የሚተማመኑት በዚያ ቁጥር ልክ ስለነበር ነው የተሳካው። በቺሊ ኢኪኬ ከተማ የኪንታ ሞንሮይ ነዋሪዎች፣ ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ያው ግማሽ ሄክታር መሬታቸው ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ግማሽ ቤት ተሠራላቸው፦ መዋቅሩ፣ ደረጃው፣ መታጠቢያው፣ ማብሰያው። ቀሪውን ራሳቸው አስፋፉት። ወደ 20 ቤተሰብ የሚጋራው የጋራ ግቢም ተተወላቸው። ለጨረቃ ቤት ሰፈሮቻችን ይህ መንገድ ይሠራል፤ እዚያ ያለው ሰው መገንባት ያውቃል፣ የሚቸግረው ተረጋግቶ የሚገነባበት መሬትና የማይናድ መሠረት ነው።

የምንጠይቀው እንግዲህ የሚከተለውን ነው። ቢሮው የነዋሪ ቆጠራ ቅጹ ላይ ከላይ የጠቀስናቸውን አምስት ጥያቄዎች የያዘ አንድ ገጽ ይጨምር። በር የተቆጠረበት ካርታ ከሌለ የአካባቢ ልማት ፕላን ለውይይት አይቅረብ። የሚቀጥለው ምትክ ቤት ሲታደል ቢያንስ በአንድ ሰፈር የስብስብ ዕጣ ይሞከርና ከስድስት ወር በኋላ እነዚያው ጠያቂዎች የእነዚያኑ ቤተሰቦች በሮች ያንኳኩ፣ ትናንት ቡና ማን ቤት እንደተፈላ ይጠይቁ፣ አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ጎን ያኑሩት። ቅጹን ለማዘጋጀትና ጠያቂዎችን ለሁለት ቀን ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ፈቃደኞች ነን።

ከሰላምታ ጋር፣
የከተማ ዲዛይንና የሰፈር ማሻሻያ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ